ዘጠኝ ዩዋን የተባለው ዕቃ አዳማ ሲገባ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአዳማ ሻጮች የላኳቸው ናቸው። በቴሌግራምና በቲክቶክ እየሸጡ፣ ዕቃውን የቻይና የጅምላ መሸጫ ድረ ገጾች ከሆኑት ከ1688 ወይም ከአሊባባ ያዛሉ። የሚደጋገሙትን እየመረጥን መልሰናል።

*

ጥያቄ፦ የምሸጠው የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምግብ ማስቀመጫ አንዱን በ9 ዩዋን፣ አምስት ካርቶን አዘዝኩ። ፋብሪካው 55 ኪሎ ነው ብሎ ሚዛኑን በፎቶ ልኮልኛል። ካርጎው (ዕቃውን ከቻይና የሚያመጣልኝ ድርጅት) ግን በ100 ኪሎ አስከፈለኝ። 45 ኪሎው ከየት መጣ? ተበልቼ ነው?
— የቤት ዕቃ ሻጭ፣ ፍራንኮ

መልስ፦ አልተበሉም፤ ባዶ ቦታ ነው የጫኑት። የአውሮፕላን ጭነት የሚከፈለው በሚዛኑና በሚይዘው ቦታ ተሰልቶ፣ በሚበልጠው ነው። የቦታው ኪሎ የሚገኘው የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ሲካፈል ነው። ከደብዳቤዎ ጋር የላኩት የካርቶን ልክ 60 በ50 በ40 ነው፤ ሲባዛ 120,000፣ ለ6,000 ሲካፈል 20 ኪሎ። ሚዛን ላይ 11 ኪሎ ቢሆንም የሚከፈለው በ20 ነው። አምስቱ ካርቶን 100 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። በር ድረስ በሚያመጡት የኤክስፕረስ ድርጅቶች ልከውት ቢሆን ኖሮ የሚካፈለው ለ5,000 ስለሆነ 120 ኪሎ ይሉዎት ነበር።

ይህንን ወደ ፍሬ ያውርዱት። በአንድ ካርቶን 40 ፍሬ ነበረ፤ አንዱ 275 ግራም ይመዝናል፣ እርስዎ ግን ለእያንዳንዱ የግማሽ ኪሎ ጭነት ከፍለዋል። መፍትሔው ከካርጎው ጋር መከራከር ሳይሆን እሽጉን ማስቀየር ነው። አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለ ማስቀመጫ ከሆነ ፋብሪካው ክዳኑን ነጥሎ፣ ሳህኑን አንዱን ባንዱ ውስጥ ከትቶ እንዲያሽግ ይጠይቁ። በዚያው ካርቶን 80 ፍሬ ከገባ ሚዛኑ 22 ኪሎ ይሆናል፤ አሁን ሚዛኑ ከቦታው በለጠ፣ ክፍያውም በ22 ነው። የፍሬው ጭነት ወደ 275 ግራም ወረደ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ማስቀመጫ አንዱ ባንዱ ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለውን ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ሆኖ በስብስብ የሚሸጠውን መግዛት ይሻላል።

የስጦታ ሣጥኑንም አስቡበት። በምስል ያሸበረቀው የእያንዳንዱ ፍሬ ሣጥን ቦታ ይበላል፣ መንገድ ላይም ይጨማደዳል። ሣጥኑ ተዘርግቶ፣ ተደርድሮ በካርቶኑ ጎን እንዲላክ ማድረግ ይቻላል፤ አዳማ ላይ እርስዎ ያጥፉታል። ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ካርቶን ከመጠን በላይ ሲሞላ ሆዱ ይነፋል፤ የመጋዘን ሠራተኛ ደግሞ ሜትሩን የሚዘረጋው በተነፋው በኩል ነው። ቁመቱ ከ40 ወደ 43 ካለ ያው ካርቶን 21.5 ኪሎ ሆነ።

ስለዚህ ብር ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በካርቶን ስንት ፍሬ፣ የካርቶኑ ልክ በሴንቲ ሜትር፣ የካርቶኑ ሙሉ ክብደት። «እናይልሃለን» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ፤ ፋብሪካ ወይም እውነተኛ አከፋፋይ ይህን በቃሉ ያውቃል።

እንዲህ ላለ ቀላልና ሰፊ ዕቃ ግን አየር ከመነሻውም አይመከርም። አምስቱ ካርቶን በመርከብ 0.6 ኪዩቢክ ሜትር ብቻ ነው።

*

ጥያቄ፦ ጓንዡ ያለው መጋዘን ዕቃህ ደርሷል ብሎ የካርቶን ፎቶ ይልክልኛል። እዚህ ስከፍተው ይጎድላል። ማንን ልጠይቅ?
— የፀጉር ጌጥና ቦርሳ ሻጭ፣ ፖስታ ቤት

መልስ፦ እዚህ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ የለም። ፋብሪካው «ልኬያለሁ»፣ ካርጎው «እንደታሸገ ተቀብያለሁ» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ጉድለት የሚያዘው ዕቃው ገና ቻይና እያለ ነው፤ የሚይዘውም ሚዛን ነው። ከጅምላው በፊት ከመጣልዎት ናሙና አንዱን ፍሬ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑ። 120 ግራም ከሆነና በካርቶን 100 ፍሬ ካለ፣ 12 ኪሎ ሲደመር የካርቶኑ ክብደት አንድ ኪሎ ገደማ፣ 13 ይጠብቃሉ። መጋዘኑ 11.1 ካለ ወይ 16 ያህል ፍሬ ጎድሏል፣ ወይ ከናሙናው የሳሳ ቆዳ ተልኳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ካርቶን አስከፍተው ያስቆጥሩ። ለዚህ መጋዘኖች ትንሽ ያስከፍላሉ፤ ይክፈሉ።

ጊዜው ዋናው ነገር ነው። በ1688 የከፈሉት ገንዘብ መድረኩ ዘንድ ይቆይና ዕቃው ደርሷል ሲባል ለሻጩ ይለቀቃል። ቅሬታ ጉልበት የሚኖረው ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ መጋዘኑ ዕቃው በገባበት ዕለት እንዲነግርዎት ያድርጉ። የራስዎን ማርክ ማለትም ስምዎን፣ ከተማዎንና የካርቶን ቁጥሩን («3 ከ5» እያሉ) በሦስት ጎን ያስጽፉ። በአንድ ጎን ብቻ የተጻፈ ማርክ ካርቶኑ ሲቀደድ አብሮ ይሄዳል።

*

ጥያቄ፦ የአስመጪነት ንግድ ፈቃድ ላወጣ ነው። ታክሱን ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ሳልጠይቅ ራሴ ማስላት እችላለሁ?
— ቦርሳና ሻንጣ ሻጭ

መልስ፦ ይችላሉ፤ ማስላትም አለብዎት፣ ከማዘዝዎ በፊት። ስህተቱ ያለው በመቶኛዎቹ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። እያንዳንዱ ግብር የሚያርፈው በተለያየ ድምር ላይ ነው።

መነሻው ሲአይኤፍ ነው፤ የዕቃው ዋጋ፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ አንድ ላይ። 100,000 ብር ነው እንበል፣ 200 ቦርሳ፣ ኤክሳይዝ (በተወሰኑ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣል ታክስ) የሌለበት። የጉምሩክ ቀረጥ እንደ ዕቃው ከ0 እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ ክፉውን ይዘን 35 እንውሰድ፣ 35,000 ብር። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ በተጨመረበት በ135,000 ላይ ነው፣ 20,250። ሱር ታክስ 10 በመቶ የሚሰላው ቫቱም ተጨምሮ በ155,250 ላይ ነው፣ 15,525። ዊዝሆልዲንግ 3 በመቶ ወደ ኋላ ተመልሶ በሲአይኤፍ ላይ፣ 3,000። ትራንዚተሮች ሶሻል ዌልፌር የሚሉትም እንዲሁ 3 በመቶ በሲአይኤፍ ላይ፣ 3,000። ድምሩ 76,775 ብር።

ብዙ ሰው 35፣ 15፣ 10፣ 3 እና 3 ደምሮ «66 በመቶ ነው» ይላል። በ100,000 ብር ዕቃ ላይ የ10,775 ብር ስህተት ነው።

በ500 ብር የጀመረው ቦርሳ አሁን 884 ሆነ። ከ200ው ስምንቱ ዚፑ የተበላሸ ወይም ቀለሙ የተላጠ ቢሆን ወጪው የሚከፋፈለው ለ192 ነው፤ 921 ብር ደረሰ። የትራንዚተር፣ የማራገፊያና የመኪና ገና አልተጨመረም። ዋጋ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ 20,250ውን ከሽያጭ ቫትዎ ላይ ያቀናንሱታል፤ ዊዝሆልዲንጉም ከዓመቱ የገቢ ግብርዎ ይታሰባል። ተመዝጋቢ ካልሆኑ ቫቱ ወጪዎ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ኢንቮይሱ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ እንደ ብልሃት ይነገራል። ጉምሩክ ግን ተመሳሳይ ዕቃ በስንት እንደገባ መረጃው እጁ ላይ ነው፤ ዋጋውን ራሱ ከፍ አድርጎ ይተምናል፣ ቅጣትም ይከተላል፣ እስከዚያ ዕቃው መጋዘን ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል። ሌላው ምንዛሪ ነው። የሚሠራው ያዘዙበት ቀን ሳይሆን ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) የሚመዘገብበት ጊዜ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ በመርከብ መጥቶ ብዙ ሳምንት መንገድ ላይ ለሚቆይ ዕቃ ሲያሰሉ ጥቂት ትርፍ ይያዙ። የዕቃዎ ትክክለኛ የቀረጥ መጠን የሚገኘው በኤችኤስ ኮዱ (በዓለም አቀፍ የዕቃ መለያ ቁጥሩ) ነው። ኮዱን ከቻይናው ሻጭ ጠይቀው ይዘው ይሂዱ፤ ነገር ግን ታሪፉ የሚታየው እዚህ ባለው የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ነው።

*

ጥያቄ፦ ዕቃዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰ ተባልኩ። ከአዳማ ቅርብ ስለሆነ ራሴ ሄጄ ላውጣው?
— የልጆች ዕቃ ሻጭ

መልስ፦ በማን ስም ነው የመጣው? ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ)፣ ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የእሽጉ ዝርዝር)፣ የመነሻ አገር ሰርተፊኬቱና የባንክ ፈቃዱ በእርስዎ ስም ከሆኑ ትራንዚተርዎን ይዘው ይሂዱ። በካርጎ ከሌሎች ጋር በአንድ ኮንቴይነር የመጣ ከሆነ ግን ሰነዱ ያለው በአንድ አስመጪ ስም ነው። የሠላሳ ሰው ዕቃ አንድ ዲክላራሲዮን ላይ ተሰልፏል ማለት ነው፤ የአንዱ ሰው ዕቃ ከተያዘ የሁሉም ይቆያል። ቅርብ መሆንዎ በዚህ ጊዜ ምንም አይፈይድም።

የሚገርመው ጉዞው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ኮንቴይነር አዳማን አልፎ ሞጆ ይገባል፣ ሞጆ ተፈትሾ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ የእርስዎ ካርቶን ከመርካቶ ተጭኖ እንደገና ወደ አዳማ ይመለሳል። ይህን ማሳጠር የሚቻለው ከመጫኑ በፊት ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ በአንድ ማርክ ጥቂት ኪዩቢክ ከሞላችሁ፣ ጭነቱ ኮንቴይነሩ በር በኩል እንዲደረደርና ከሞጆ እንደወጣ በቀጥታ ለእናንተ እንዲራገፍ ተነጋገሩ። ተቀምጠው የተጻፈ ውል ያድርጉት እንጂ በስልክ «እሺ» አይበቃም።

ደረሰኝ አይርሱ። ካርጎው «በኪሎ ሁሉንም ያካተተ» ሲል ቀረጡንም ማለቱ ነው፤ ነገር ግን ዕቃው በእጅዎ ሲገባ የሽያጭ ደረሰኝና የዲክላራሲዮኑ ቅጂ ከሌለዎት፣ ቀረጥ ስለመከፈሉ የሚያሳዩት የለዎትም። አዳማ የምሥራቁ መንገድ በር ናት፤ የኮንትሮባንድ ፍተሻው በኬላ ብቻ አያበቃም፣ መጋዘንም ይመጣል። ደረሰኝ የማይሰጥ ካርጎ በኪሎ የሚቀንስልዎት ብር ያን ቀን ኪሳራ ሆኖ ይቆጠራል።

*

ጥያቄ፦ ላርጅ ብዬ ያዘዝኩት ሁሉ ለቀጭን ልጅ ነው የሚሆነው። ፍሪ ሳይዝ የተባለውም አልሆነም። ግማሹ ተመለሰብኝ።
— የሴቶች ልብስ ሻጭ

መልስ፦ በቻይና ለቻይና ገበያ የሚሰፋ ልብስ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ቁጥር ያንሳል። የቁጥር ሠንጠረዡን ሲያነቡም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በ1688 ላይ ከሚድየም ጎን «100–110» ተብሎ ቢያዩ ኪሎ አይደለም፣ ጂን ነው። አንድ ጂን 500 ግራም ስለሆነ ሚድየሙ ከ50 እስከ 55 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ነው። ፍሪ ሳይዝ የሚሉትም «ለሁሉም» ማለት ሳይሆን፣ በአብዛኛው ለቀጭኗና ለመካከለኛዋ ነው።

ፊደሉን ይተዉትና በሴንቲ ሜትር ይዘዙ። ደንበኞችዎ ደህና አድርጎ የሆናቸውን ሦስት ልብስ ይውሰዱ፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከብብት እስከ ብብት፣ የወገቡን ወርድ፣ ከትከሻ እስከ ታች ይለኩ። ሻጩ ሠንጠረዥ ላይ የሰጠው የደረት ልክ ዙሪያው ከሆነ የእርስዎን በሁለት ያባዙ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእጅ የሚለካ ስለሆነ 2 ሴንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው። ጨርቁ የማይለጠጥ ከሆነ ሁልጊዜ ወደ ሰፊው ያዘንብሉ።

ጫማ ይቀላል። የእግሩን ርዝመት በሴንቲ ሜትር በሁለት አባዝተው 10 ይቀንሱ፤ 24 ሴንቲ ሜትር 38 ቁጥር ነው፣ 26 ሴንቲ ሜትር 42።

*

ጥያቄ፦ ካርጎው ፓወር ባንክ አልቀበልም አለ። ሌላው ደግሞ «መጫወቻ ብለን እናስገባዋለን» አለኝ። ለሁለተኛው ልስጠው?
— የሞባይል ዕቃ ሻጭ፣ መብራት ኃይል

መልስ፦ አይስጡት። የሊትየም ባትሪ በአየር ሲላክ የዩኤን 38.3 የፈተና ሰነድ ይጠየቃል፤ ብቻውን የሚላክ ባትሪ (ፓወር ባንክ በዚህ ይመደባል) ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንደ ጭነት አይጫንም፣ በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን ቻርጁ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ሴል ሲግል ጎረቤቱን ያግላል፣ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። መጫወቻ ተብሎ የተጻፈ ካርቶን ኤክስሬይ ላይ ባትሪው ወለል ብሎ ይታያል። ያኔ የሚያዘው የእርስዎ ካርቶን ብቻ አይደለም።

ሰነዱን ከፋብሪካው ይጠይቁ፤ ሰነዱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ከዕቃው ጀርባ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በፊደል በፊደል ያመሳክሩ። የሌላ ሞዴል ሰነድ መላክ የተለመደ ማታለያ ነው። ከዚያ አደገኛ ዕቃ የሚቀበል ካርጎ ይፈልጉ፣ ወይም በመርከብ ያስመጡ፤ መርከቡም ሰነዱን ይጠይቃል።

የሚታለሉበት ሌላ ቦታ የተጻፈው አቅም ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት 74 ዋት ሰዓት ነው። ይህን የሚይዙ ሴሎች ብቻቸውን 300 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናሉ። በእጅዎ ሲያነሡት ላባ የመሰለ «20,000» ካለ ቁጥሩ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

ስለ ሶኬት የጠየቁን፦ ቻይናም እኛም 220 ቮልት 50 ኸርዝ ስለሆነ ዕቃው ይሠራል፤ የሚለያየው መሰኪያው ነው። ሲያዙ ክብ ሁለት እግር ያለውን የአውሮፓ መሰኪያ ይምረጡ። እዚያው ገጽ ላይ ለአሜሪካና ለጃፓን የሚሠራ 110 ቮልት አማራጭ ሊኖር ይችላል። በስህተት እሱን ከመረጡ፣ ማሞቂያና ፀጉር ማድረቂያ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል።

*

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ የማዝዘው ፋብሪካ የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል ብሎ ኢሜይል ላከልኝ። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። ኢሜይሉን ትተው በቀድሞው የዊቻት ቁጥር በቪዲዮ ይደውሉና ፊቱን እያዩ ይጠይቁ። አዲሱ ሂሳብ በግለሰብ ስም ከሆነ፣ ወይም ከድርጅቱ ስም አንድ ቃል እንኳ ከተለየ፣ ጉዳዩ አለቀ። አሊባባ ላይ ትሬድ አሹራንስ የሚጠብቅዎ በመድረኩ ውስጥ ለተከፈለ ገንዘብ ብቻ ነው፤ «በውጭ ብትከፍል 5 በመቶ እቀንስልሃለሁ» ማለት ዋስትናህን በ5 በመቶ ሽጥልኝ ማለት ነው። በትዕዛዝ ለሚመረት ዕቃ 30 በመቶ ቀብድ፣ ቀሪው 70 ዕቃው ተመርቶ ከታየ በኋላ የሚለው የተለመደ ነው፤ ሙሉውን አስቀድሞ የሚጠይቅን ፋብሪካ በናሙና መጠን ብቻ ይሞክሩት።

ብሩን እዚህ ሰጥቶ ዩዋኑን እዚያ ማስከፈልን በተመለከተ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ሕጋዊው መንገድ ባንክ ነው፤ ኤልሲ (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና)፣ ሲኤዲ (የጭነት ሰነዱን ለመረከብ በባንክ የሚከፈል) ወይም ቲቲ (ቀጥታ የባንክ ማስተላለፍ)። ከሕግ ጥያቄው ባሻገርም ኪሳራው ይታያችሁ፤ በዚያ መንገድ ለተከፈለ ገንዘብ ማስረጃ ስለሌለ በግብር ጊዜ ወጪ ሆኖ አይያዝላችሁም፣ ያልተገኘ ትርፍ ላይ ግብር ትከፍላላችሁ።

*

ጥያቄ፦ ድሮን፣ ዎኪ ቶኪ፣ ክሬም፣ የታወቀ ማርክ ያለበት ጫማ። የትኛው ይገባል?

መልስ፦ ድሮን ያለ ልዩ ፈቃድ አይሞከር። ዎኪ ቶኪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይሁንታ ይፈልጋል። ክሬምና ሌላው ኮስሞቲክስ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። 1688 ላይ በ40 ዩዋን የሚሸጥ የታወቀ ማርክ ያለበት ጫማ ደግሞ ኮፒ ነው፤ ያለ ማርኩ ያው ጫማ አለ፣ እሱን ያስመጡ።

ሊፕስቲክና ሰም ያለበትን ዕቃ በተመለከተ፣ ፈቃዱ ቢኖርዎትም በሚያዝያና በግንቦት የአዳማ ሙቀት በቆርቆሮ መጋዘን አያስቀምጡ።

*

ጥያቄ፦ ለፋሲካ 2019 በመርከብ መቼ ልዘዝ?

መልስ፦ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ የቻይና አዲስ ዓመት ጥር 29። ሠራተኛው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ አገሩ መሄድ ይጀምራል፣ ከበዓሉ በኋላም ፋብሪካው ሙሉ እስኪሆን ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወስዳል። በበዓሉ ዋዜማ የተጣደፈ ምርት ስፌቱ ይሳሳታል፤ ከበዓሉ በኋላ አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ የሚሠራውም እንዲሁ። ስለዚህ በኅዳር ይዘዙ፣ ዕቃው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ የካርጎው መጋዘን ይግባ። በየካቲት ያዘዘ ሰው ለፋሲካ የሚያደርስለት አየር ብቻ ነው። ከመስከረም 20 ገደማ ጀምሮ ያለው የአንድ ሳምንት ብሔራዊ በዓላቸውም ፋብሪካ ይዘጋል፤ ለገና የምታዙ እሱን ቀድማችሁ ክፈሉ።